ውሻን ይዞ ባሕር መሻገር

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1967 የሞንትሪያሉን ኤክስፖ ለማየት ካናዳ ሲሄዱ ሉሉም አብሮ ሄዶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሉሉ ከድመት እምብዛም የማይበልጥ፣ ከንጉሡ እግር ሥር የማይጠፋ የቺዋዋ ዘር ውሻ ነበር። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ ስለ ንጉሡ በጻፈው መጽሐፍ፣ ሉሉ የመኳንንቱ ጫማ ላይ ይሸና እንደነበር፣ ያንን እየተከተለ የሚጠርግ አሽከርም እንደነበር አስነብቧል። መጽሐፉ ከታሪክ ይልቅ ለተረት ይቀርባል የሚሉ ብዙ ናቸውና ለወሬው እኔ አልምልም። እኔን የሚስበኝ የሉሉ መንገደኛነት ነው። በዚያው ዘመን አንድ ተራ ሰው ውሻውን አስከትሎ ለንደን ቢወርድ፣ ውሻው ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ተወስዶ 6 ወር ይቆለፍበት ነበር።

ስድስት ወር ለምን? ምክንያቱ አንድ በሽታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በንክሻ ይገባና የነርቭን መስመር ተከትሎ ወደ አንጎል ያዘግማል። ጉዞው አንዳንዴ ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ይፈጃል። በዚህ መሀል ውሻው ይበላል፣ ይጫወታል፣ ጭራውን ይቆላል። በሕይወት እያለ በሽታውን መያዙን የሚያሳይ አስተማማኝ ምርመራ የለም፤ ምልክቱ ከታየ ደግሞ ውሻም ሆነ ሰው አይተርፍም ማለት ይቻላል። እንግዲህ በር ላይ የቆመው ሹም በእጁ የነበረው መሣሪያ መጠበቅ ብቻ ነበር። ዛሬ ውሻ ይዞ ድንበር የሚሻገር ሰው የሚሸከመው የወረቀት ክምር በሙሉ የተወለደው ከዚህ ነው።

ከሕጉ በፊት ውሻ ከዕቃ ተለይቶ አይታይም ነበር። በ1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ቤጂንግ አጠገብ ያለውን የበጋ ቤተ መንግሥት ሲዘርፍ፣ ካፒቴን ጆን ደን የተባለ መኮንን አንዲት ትንሽ የፔኪኒዝ ውሻ አገኘ። እንግሊዝ ድረስ ይዟት ሄደና ለንግሥት ቪክቶሪያ አበረከታት። ሉቲ ተባለች፤ ሥዕሏ ተሣለ፤ በ1872 እስክትሞትም በቤተ መንግሥት ኖረች። የዚሁ መንግሥት ጦር ከ8 ዓመት በኋላ መቅደላ ላይ ያደረገውን ለሚያውቅ አንባቢ ዘረፋው አይገርመውም። ሉቲ እንግሊዝ ስትገባ ግን የሚያግዳት የውሻ ሕግ አልነበረም።

በጁላይ 1885 ሉዊ ፓስተር በታመመ ውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ዮሴፍ ማይስተርን ከተበና ልጁ ተረፈ። ዓለም አጨበጨበ። እንግሊዝ ግን በሽታውን ያጠፋችው በክትባት አይደለም፤ ቁጣ የተሞላ ክርክር ባስነሣ ሕግ ነው። የግብርና ቦርዱ ኃላፊ ዋልተር ሎንግ ውሾች መንገድ ላይ ሲወጡ አፋቸው እንዲታሰር አዘዘ። የውሻ ወዳጆች ጨካኝ ነው ብለው ዘመቱበት። እሱ አልተመለሰም፤ በ1897 ደግሞ ከባሕር ማዶ የሚገባ ውሻ ተለይቶ እንዲቆይ የሚል ትእዛዝ ጨመረ። በ1902 በሽታው ከአገሪቱ ጠፋ።

አንዴ ጠፍቶም አልቀረ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ ከአውሮፓ ምድር የሚመለሱ ወታደሮች በምሽግ ያላመዷቸውን ውሾች ደብቀው ይዘው ገቡ። በ1918 በዴቨንና በኮርንዎል በሽታው እንደገና ፈነዳ፤ እስኪጠፋም እስከ 1922 ፈጀ። በጦር ሜዳ ጉድጓድ ውስጥ አብሮት ያደረ ውሻን ጥሎ መምጣት ያልቻለን ወታደር ማን ይፈርድበታል? ሕጉን የሰበረው ፍቅር ነበር፤ በኋላም ደጋግሞ የሰበረው እሱው ነው።

ገንዘብ ያለው ደግሞ መንገድ አያጣም። በ1968 ኤልዛቤት ቴይለርና ሪቻርድ በርተን ለፊልም ሥራ ለንደን ሲቆዩ ውሾቻቸውን ለስድስት ወር እስር አልሰጡም። ጀልባ ተከራይተው ቴምዝ ወንዝ ላይ አቆሙና ውሾቹን እዚያው አኖሯቸው፤ መሬት እስካልረገጡ አገር ውስጥ ገቡ አይባልምና። ጋዜጦቹ በዓለም ውዱ የውሻ ቤት እያሉ ቀለዱበት።

ቀልዱ ብዙ አልቆየም። በ1969 ፍሪትዝ የተባለ ውሻ ከወታደር ጌታው ጋር ከጀርመን መጥቶ 6 ወሩን በሥርዓት ጨረሰ። ከተፈታ ከጥቂት ቀናት በኋላ ካምበርሊ በተባለች ከተማ አብዶ ሰው ነከሰ። በአካባቢው ጫካ ያለው የዱር እንስሳ በጥይት ታደነ፤ አገሩ ተሸበረ። በሽታው ስድስቱን ወር ታግሶ ነበርና፣ መቆለፉም ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ታየ። እንግሊዞች ግን ቁልፉን ከመጣል ይልቅ አጠበቁት። የ1974ቱ ሕግ ውሻ ደብቆ የሚያስገባን ሰው በእስራት ያስፈራራ ነበር፤ ወደቦቹም በማስጠንቀቂያ ፖስተር ተሞሉ።

ነገሩን የለወጡት ጠበቆች ወይም ዝነኞች ናቸው ቢሉኝ አልቀበልም። የለወጠው የዶሮ ጭንቅላት ነው። ከ1940ዎቹ ጀምሮ በሽታው በቀበሮዎች አማካይነት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አውሮፓ በየዓመቱ በአሥሮች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እየተንፏቀቀ በ1968 ፈረንሳይ ገብቶ ነበር። ቀበሮን መግደል አልበጀም፤ በተገደለው ፋንታ ሌላው ከሌላ ቦታ መጥቶ ይተካል። በ1978 የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ክትባቱን በዶሮ ጭንቅላት ውስጥ እየደበቁ በሮን ሸለቆ ጫካ በተኑት። ቀበሮዎቹ በሉ፣ ተከተቡ፣ በሽታው ቆመ። ዘዴው ከአገር አገር እየተዛመተ በ2001 ፈረንሳይ፣ በ2008 ጀርመን ከቀበሮው በሽታ ነፃ ሆኑ። ጎረቤቱ እየጸዳ ሲሄድ እንግሊዝ በሯን ቆልፋ የምትቀመጥበት ምክንያት ሳሳ። ያም ሆኖ በ1994 ከፈረንሳይ ጋር የሚያገናኘው የባሕር ሥር ዋሻ ሲከፈት፣ ቀበሮ በዚያ ሾልኮ ይገባል ብለው የኤሌክትሪክ መከላከያ ሳይቀር አኖሩበት።

የመጨረሻውን ግፊት የሰጡት የሆንግ ኮንግ የመጨረሻው እንግሊዛዊ ገዢ ክሪስ ፓተን ናቸው። በ1997 ግዛቲቱን ለቻይና አስረክበው ሲወጡ ዊስኪና ሶዳ የተባሉ ውሾቻቸውን ለስድስት ወር እስር ላለመዳረግ ፈረንሳይ ያለው ቤታቸው ወሰዷቸው። የመንግሥት ከፍተኛ ሹም በገዛ አገሩ ሕግ ማማረሩ ወሬ ሆነ። በ1998 የባለሙያዎች ቡድን የስድስት ወሩ ቆይታ (ኳራንቲኑ) በክትባትና በደም ምርመራ እንዲተካ መከረ፤ ከፌብሩዋሪ 28 ቀን 2000 ጀምሮም ከተመረጡ አገሮች የሚመጡ ውሾች ሳይቆለፉ መግባት ጀመሩ። በ2004 የአውሮፓ ኅብረት ሰማያዊውን የቤት እንስሳት ፓስፖርት አወጣ። ብሪታንያ ከኅብረቱ ስትወጣ የሰው ብቻ ሳይሆን የውሻ ፓስፖርትም ዋጋ አጣ፤ ከ2021 መግቢያ ጀምሮ በብሪታንያ የተሰጠ የውሻ ፓስፖርት አውሮፓ ውስጥ አያገለግልም።

ፓስፖርቱ በወጣበት በ2004፣ አንድ ያልተከተበ ቡችላ ከሞሮኮ በመኪና በስፔን አድርጎ ቦርዶ ገባና በበሽታው ሞተ። የፈረንሳይ ጤና ባለሥልጣናት ቡችላው የላሰውን፣ የቧጨረውን፣ ፌስቲቫል ላይ የዳሰሰውን ሰው ለማግኘት በየአገሩ ፍለጋ ያዙ። ከድሀ አገር የሚመጣ ውሻ ዛሬም በጥርጣሬ የሚታየው እንዲህ ካለ ታሪክ የተነሣ ነው፤ ጥርጣሬውም መሠረት አለው።

እዚህ ላይ ወደ እኛ እንምጣ። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ብዙም ሳትቆይ፣ በ1903፣ ትልቅ የእብድ ውሻ ወረርሽኝ እንደነበር ተመዝግቧል። ውሻ የነከሰው የአዲስ አበባ ሰው እስከ ዛሬ «ፓስተር ሂድ» ይባላል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከተቋቋመው የፓስተር ተቋም ነው፤ ዛሬ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሥር ነው። ከእንስሳ አንጎል የሚዘጋጀውን፣ ለተከታታይ ቀናት ሆድ ላይ የሚወጋውን የድሮ ክትባት የሚያስታውስ ሰው ስቃዩን ሲተርክ ዛሬም ፊቱን ያጨማድዳል። ባሌ ተራሮች ላይ ደግሞ ከእረኛ ጋር የወጣ ያልተከተበ ውሻ ምን እንደሚያደርስ ታይቷል። በ2003 እና 2004 በሽታው ከውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎች ተሻግሮ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት አብዛኞቹን ፈጀ። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ ቀይ ቀበሮ ነው ያለን። በሽታው ከአንድ ቦታ እንዲጠፋ ከውሾቹ 70 በመቶው መከተብ እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። እኛ ብዙ ጊዜ የመረጥነው መርዝ ነው፤ መርዝ ደግሞ እንደ ቀበሮው ጥይት ሁሉ ቦታ ከማስለቀቅ አያልፍም።

ስለዚህም ኢትዮጵያ የአውሮፓ ኅብረት ውሾቻቸውን በቀላሉ ከሚቀበላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። አዲስ አበባ ያሳደገውን ውሻ ይዞ ፍራንክፈርት ወይም ሮም መኖር የሚፈልግ ሰው ቅደም ተከተሉን ማፋለስ አይችልም። መጀመሪያ ከውሻው ቆዳ ሥር፣ በትከሻዎቹ መሀል፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል 15 አኃዝ ያላት ማይክሮቺፕ ትገባለች። ክትባቱ ከዚያ በኋላ ነው፤ ቺፑ ሳይገባ የተሰጠ ክትባት አይቆጠርም። ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደም ይቀዳል። ሐኪሙ የፊት እግሩን ጸጉር ላጭቶ ደም ሥሩን ያወጣል፤ ባለቤቱ አንገቱን አቅፎ ያባብላል። ደሙ በማሽን ተሽከርክሮ ውሃው ከቀዩ ይለያል፤ በበረዶ ታሽጎም ኅብረቱ ዕውቅና ወደሰጠው ላቦራቶሪ ይላካል። የአንቲቦዲው መጠን በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ውሻው አለፈ። ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ግን 3 ወር መጠበቅ አለበት። የድሮው ኳራንቲን ጨርሶ አልጠፋም፤ ግማሹ ተቀንሶ ከለንደን ወደ ባለቤቱ ግቢ ተዛወረ ማለት ነው። ይኼ ለውሻውም ለሰውየውም ይሻላል ባይ ነኝ።

አሜሪካ ለረጅም ጊዜ ከአውሮፓ የላላች ነበረች። በ2007 ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው ዓይነት ከአገሯ መጥፋቱን አወጀች፤ ከዚያ ሐሰተኛ የክትባት ወረቀት የያዙ ውሾች ሲበዙባት በ2021 ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ100 በላይ ከሚሆኑ አገሮች የሚመጡትን አገደች። ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ደግሞ ውሻው ቢያንስ የ6 ወር ዕድሜ እንዲኖረውና ቺፕ እንዲኖረው ያስገድዳል። በኢትዮጵያ የተከተበ ከሆነ በመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የተረጋገጠ ቅጽና ዕውቅና ባለው የእንስሳት ማቆያ አስቀድሞ የተያዘ ቦታ ያስፈልገዋል። የደም ምርመራ ውጤት ከሌለው እዚያው 28 ቀን ይቆያል፤ ወጪው የባለቤቱ ነው። የሀበሻው ሁሉ መግቢያ የሆነው የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት እንዲህ ያለ ማቆያ ካላቸው ጥቂት ኤርፖርቶች አንዱ መሆኑ መልካም አጋጣሚ ነው።

በረራው ራሱ ከወረቀቱ ይቀላል። ሳጥኑ ውሻው የሚቆምበት፣ የሚዞርበት፣ የሚተኛበት ስፋት ሊኖረው ይገባል። ማስተኛ መድኃኒት ሰጥቶ መጫን ግን ትንፋሹን ሊያውክ ስለሚችል ሐኪሞች አይመክሩትም፤ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎችን ደግሞ ብዙ አየር መንገዶች በካርጎ አይቀበሉም።

እዚያ ከደረሱ በኋላ ያለው ኑሮ ሌላ ምዕራፍ ነው። በጀርመን ማዘጋጃ ቤቱ ለውሻ ግብር ያስከፍላል። በአሜሪካ ብዙ አከራዮች በየወሩ ለውሻው ለብቻው ኪራይ ይጨምራሉ። ከአዲስ አበባ ልትጠይቅ የመጣች እናት ደግሞ ቡቺን ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስታይ «ኧረ ልጄ፣ ውጣ በለው! ጸሎት የሚደረስበት ቤት አይደለም እንዴ?» ትላለች። እሷ የምታውቀው ውሻ በር ላይ የሚያድር፣ ፍርፋሪ የሚጣልለት ጠባቂ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ከእጇ እያጎረሰችው ትገኛለች፤ ይህን የማይመሰክር የዲያስፖራ ቤት ጥቂት ነው።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ኖራችሁ ውሻችሁን ይዛችሁ ለክረምት አገር ቤት ለመምጣት ያሰባችሁ፣ አንድ ነገር አደራ። ከአሜሪካ የምትነሡ እዚያው የተከተበበትን የሚመሰክረውን ቅጽ በግብርና መሥሪያ ቤቱ ሳታስጸድቁ አትውጡ፤ አዲስ አበባ ሆኖ ማውጣት አይቻልም። ከአውሮፓ የምትመጡ የደም ምርመራውን እዚያው አስደርጋችሁ ፓስፖርቱ ላይ አስጽፉ፤ ያኔ በመልሱ 3 ወር መጠበቅ ይቀርላችኋል። የክትባቱ ቀን ካለፈበትም ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀምራል።