ባለ ሪዙ ሰውዬና የሚጣለው ምላጭ

እኛ ጢም የለንም። ስለ ጢም ለመጻፍ ጢም ማብቀል ግዴታ ነው የሚል ካለ፣ መጀመሪያ ኳስ ነክተው የማያውቁትን የስፖርት ጋዜጠኞች ከሥራ ያስወጣልን። ነገሩን እንድናነሳ ያደረጉን አብረውን የተመረቁት ወንዶች ናቸው። ለሥራ ቃለ መጠይቅ በተጠሩ ቁጥር ማታውኑ ይላጫሉ፤ ጠዋት አገጫቸውን ሽፍታ ወርሶት፣ አንገታቸው ቀልቶ ይመጣሉ። አንዱ ባለ ሁለት ስለት ይሞክራል፣ ሌላው ገንዘብ ተበድሮ ባለ አምስቱን ይገዛል፣ ሦስተኛው ምላጭ የሚባል ነገር እርም ብሎ ፀጉር ቤት በቶንዶስ ብቻ ያስጠርገዋል። «ለምን አትተዉትም ታዲያ?» ስንላቸው «ሳይላጩ ቃለ መጠይቅ?» ብለው እንደ ጉድ ያዩናል።

እውነት ግን፣ ሰው ለመከበር በየማለዳው ፊቱን መፋቅ አለበት ያለው ማነው? አያቶቻችን አይደሉም። የአፄ ምኒልክን መኳንንት ፎቶግራፍ ያየ ሰው ጢም ምን ያህል የክብር ነገር እንደነበር ያውቃል፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም ከነጢማቸው ነግሠው ከነጢማቸው ነው የወረዱት። ዕለት ዕለት መላጨት የተራው ወንድ ሁሉ ግዴታ የሆነው በፈረንጆቹም አገር ቢሆን ከመቶ ዓመት እምብዛም አይበልጥም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከዚያ በፊት ምላጭ ማለት እንደ ሰንጢ የሚታጠፍ ረጅም ስለት ነበር። በድንጋይ ይሳላል፣ በቆዳ ጠፍር ላይ ይወለወላል፣ እጅ ከተንቀጠቀጠ ጉሮሮ ድረስ ያደርሳል። ስለዚህ ብዙው ሰው በሳምንት አንዴ ሁለቴ ፀጉር ቤት ሄዶ ይላጫል፤ የቀረው ያሳድገዋል። በ18ኛው መቶ ዓመት ዣን ዣክ ፔሬ የሚባል ፈረንሳዊ ቢላ ሠሪ ስለቱን በእንጨት ሸፍኖ ጠርዙን ብቻ የሚያስወጣ ምላጭ ሠርቶ ነበር። በ1880 ደግሞ ኒውዮርክ ላይ የካምፍ ወንድማማቾች እንደ ትንሽ መኮትኮቻ ያለ፣ ሰው የማይቆርጥ የተባለ መላጫ አወጡ። ሁለቱም ግን ስለታቸው ሲደነዝዝ መሳል ነበረበት።

ኪንግ ካምፕ ጂሌት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። («ኪንግ» ማዕረጉ ሳይሆን ስሙ ነው።) ከተማ ለከተማ እየዞረ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። በ1890ዎቹ የተቀጠረው ለዊሊያም ፔይንተር ኩባንያ ነው። ፔይንተር ማለት የጠርሙስ ቆርኪን የፈለሰፈው ሰውዬ ነው። ጂሌት በኋላ እንደተረከው፣ አለቃው ሰዎች አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትንና ተመልሰው የሚገዙትን ነገር ፍጠር ብሎ መከረው። (እኛ ሠፈር ቆርኪውን ማንም አይጥለውም ነበር፤ ዳማ እንጫወትበታለን። ፔይንተር ይህን አላሰበም።) በ1895 አንድ ማለዳ ጂሌት ሊላጭ ሲል ምላጩ ደንዝዞ አገኘው። የሚቆርጠው ጠርዙ ብቻ ከሆነ የቀረው ብረት ምን ያደርጋል? እንደ ወረቀት የሳሳ ብረት ወስዶ ሁለቱን ጠርዝ ማሾል፣ ሲደነዝዝ መጣል፣ ሌላ መግዛት። በቃ።

ሐሳቡ ቀላል፣ ሥራው ከባድ ሆነ። ብረት የሚያውቁ ሰዎች ይህን ያህል ስስ ብረት አይሾልም አሉት፤ ስድስት ዓመት ፈጀበት። በመጨረሻ ኤም አይ ቲ የተማረው መሐንዲስ ዊሊያም ኒከርሰን ማሽኑን ሠራለትና በ1901 ቦስተን ላይ ኩባንያው ተቋቋመ። ሽያጩ በተጀመረበት በ1903 ዓመቱን ሙሉ የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ግን መላጫው 90 ሺህ ገደማ ገባ። በየምላጩ መጠቅለያ ወረቀት ላይ የጂሌት ፎቶ ታተመ፤ ወንዱን ሁሉ ተላጭ የሚለው ሰውዬ ራሱ ከአፍንጫው ስር ያማረ ሪዝ ነበረው!

የሰውዬው ጉድ በዚህ አያበቃም። ምላጩን ከማሰቡ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1894፣ የሰው ልጅ መከራ ሁሉ ምንጭ የንግድ ፉክክር ነው የሚል መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። አንድ ግዙፍ ኩባንያ ሁሉንም ነገር በሕዝብ ባለቤትነት ይያዝ፣ አብዛኛው አሜሪካዊም በናያጋራ ፏፏቴ ጉልበት በሚንቀሳቀስ በአንድ ከተማ ይኑር አለ። በ1910 ደግሞ ይህን ኩባንያ እንዲመሩለት ለቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት 1 ሚሊዮን ዶላር አቀረበላቸው፤ እሳቸውም አይሆንም አሉት። ፉክክርን የጠላ ሰው በፓተንት ታጥሮ ሚሊየነር ሆነ፤ ከ1929ኙ የገበያ ውድቀት በኋላ ሀብቱ ተሟጦ በ1932 ሞተ።

እዚህ ላይ የንግድ ትምህርት ቤቶች የሚወዱት ተረት አለ፤ ጂሌት መላጫውን በነፃ እየሰጠ ትርፉን ከምላጩ አገኘ ይላሉ። የቺካጎው የሕግ ምሁር ራንዳል ፒከር በ2010 ሰነዶቹን ሲያገላብጡ ግን ነገሩ ተቃራኒ ሆኖ ተገኘ። ፓተንቱ በነበረበት ዘመን መላጫው የሚሸጠው 5 ዶላር ነበር፤ ይህም የአንድ ፋብሪካ ሠራተኛ የሳምንት ደመወዝ ሲሶ ያህል ነው። ዋጋው የወረደው በ1921 ፓተንቱ ሲያልቅና ሌሎች ሲገቡ ነው።

ታዲያ በውድ ዋጋ የሚሸጥ ዕቃ እንዴት የሁሉም ወንድ ሆነ? በጦርነት። በሚያዝያ 1915 ጀርመኖች ኢፕር ላይ የክሎሪን ጋዝ ለቀቁ፤ ጢም ያለው ወታደር የጋዝ ጭምብሉ ፊቱ ላይ አይገጥምለትም። የእንግሊዝ ጦር እስከ 1916 ድረስ ወታደሩ የላይ ከንፈሩን እንዳይላጭ በደንብ ያስገድድ ነበር፤ በዚያ ዓመት ደንቡ ቀረ። አሜሪካ በ1917 ስትገባ ለእያንዳንዱ ወታደር መላጫ ታደለ፤ ጂሌት ለመንግሥት 3.5 ሚሊዮን መላጫና ከ30 ሚሊዮን በላይ ምላጭ አቀረበ። ልጆቹ ከጦር ሜዳ ሲመለሱ መላጫቸውንም ልማዱንም ይዘው ገቡ። ያ «ሳይላጩ?» የሚለው መደነቅ የተወለደው እዚያ ይመስለናል፤ በመንግሥት ወጪ።

ከዚያ በኋላ ያለው የስለት ቁጥር መጨመር ነው። በ1971 ሁለት፣ በ1998 ሦስት፣ በ2006 አምስት። የባለ ብዙ ስለቱ ዘዴ ይህ ነው፦ የፊተኛው ስለት ጸጉሩን ይይዝና በትንሹ ይጎትታል፣ ወደ ሥሩ ከመመለሱ በፊት የኋለኛው ይቆርጠዋል። ስለዚህ የተቆረጠው ጫፍ ከቆዳ በታች ይቀራል። ጸጉሩ ቀጥ ያለ ሰው ለስላሳ ፊት አገኘ ማለት ነው። ጸጉሩ የተጠቀለለ ሰው ግን መከራ ገዛ፤ የሾለው ጫፍ ሲያድግ ወደ ውጭ በመውጣት ፈንታ ታጥፎ ሥጋ ይወጋል፣ ያብጣል፣ አንዳንዴም መግል ይይዛል። ጓደኞቻችን «ብጉር» የሚሉት ብጉር አይደለም፤ የራሳቸው ጸጉር ነው። የምላጭ ሠሪዎቹ ጥናቶች በስለት ብዛት ላይ የሚቀርበውን ክስ አይቀበሉትም። ብዙ የቆዳ ሐኪሞች ግን እንዲህ ለሚያስቸግረው ሰው አንድ ወይም ሁለት ስለት ብቻ ያለው፣ ጢሙ በሙቅ ውሃ ከራሰ በኋላ፣ ጸጉሩ ወደሚያድግበት አቅጣጫ፣ ቆዳ ሳይወጠር ይመክራሉ። ማለትም ውዱ ሳይሆን ርካሹ።

ይህን ቀላል ነገር አድርገን እንዳናየው የአሜሪካን ጦር እንይ። ችግሩ ከጥቁር ወንዶች ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ እንደሚነካ የሕክምና ጽሑፎች ይገምታሉ፤ የጦሩ ደንብ ግን ተላጭ ይላል። በ1970 አድሚራል ዙምዋልት ለባሕር ኃይሉ ጢም ፈቀዱ፤ ከ1985 መጀመሪያ ጀምሮ ተመልሶ ተከለከለ። ሌላው በሐኪም ወረቀት ነበር የሚኖረው። በነሐሴ 2025 ደግሞ ከአንድ ዓመት ሕክምና በኋላም መላጨት ያልቻለ ወታደር እንዲሰናበት የሚያዝ መመሪያ ወጣ። አስቡት፤ አገጭ ላይ በሚበቅል ጸጉር ጥምዝ ምክንያት እንጀራ ማጣት። የኛዎቹ ቃለ መጠይቅ ፈላጊዎችስ ከዚህ ምን ያህል ይርቃሉ?

ሴቶቹም አልተረፍንም። ጂሌት በ1915 የመጀመሪያውን የሴቶች መላጫ በወርቅ ቀለም አሳምሮ አወጣ፤ ያን ጊዜ እጅጌ የሌለው ቀሚስ እየተለመደ ስለነበር ብብት አዲስ ገበያ ሆነ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ የኒውዮርክ ከተማ የሸማቾች ቢሮ ዋጋ ሲያነጻጽር የሴቶች የንጽሕና ዕቃዎች፣ መላጫንም ጨምሮ፣ ከወንዶቹ ተመሳሳይ ዕቃ በአማካይ 13 በመቶ ተወድደው ተገኙ። ሮዝ ቀለም ይህን ያህል ውድ መሆኑን አናውቅም ነበር።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ያ በወረቀት የተጠቀለለው ባለ ሁለት ስለት ምላጭ እዚህ ፊት ብቻ አይደለም የሚላጭበት። እርሳስ ተቀርጾበታል፣ ልብስ ሰፊ ስፌት ተርትሮበታል፣ ጥፍር ተቆርጦበታል። ጂሌት ጣሉት ያለውን እኛ እስኪዝግ ተጠቅመንበታል፤ አንዱን ምላጭም ቤተሰቡ ሁሉ ሲቀባበለው ኖሯል። ይህን የለወጠው ማስታወቂያ አልነበረም። ኤች አይ ቪ ነው። የኛ ዕድሜ ሰው የመተላለፊያ መንገዶቹን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ በቃሉ ሸምድዷል፤ «ስለታማ ነገሮችን በጋራ አለመጠቀም» የሚለውን ሳይጠራ ያለፈ ተማሪ የለም። ፀጉር ቤት የሚሄደው ሰው ምላጩን ከሱቅ ገዝቶ በኪሱ ይዞ መሄድ ጀመረ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ ከታሰረለት በኋላም፣ ፀጉር አስተካካዩ ወረቀቱን ሲቀድና ምላጩን ለሁለት ሲሰብር በመስተዋቱ ውስጥ በዓይኑ ይከታተላል። ካላየ ደግሞ ይጠይቃል፦ «አዲስ ነው አይደል?»