ልብስ ያልፋል፥ ሥዕሉ ይቀራል

ከሰው እጅ ሥራ ሁሉ እንደ ልብስ ቶሎ የሚያልፍ ጥቂት ነው። ቤተ መንግሥት ቢፈርስ ድንጋዩ ይቀራል፤ ልብስን ግን ብል ይበላዋል፥ ፀሐይም ያገረጣዋል። ስለዚህ ያለፈውን ዘመን አለባበስ ለማወቅ የሚሻ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ልብሱን ሳይሆን ሥዕሉን ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን ከቁንዝላ ወደብ በታንኳ የሚደረስበት የደቅ ደሴት ነው። በደሴቱ ምዕራብ ዳርቻ የሚገኘውን የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። እኒህ እቴጌ ባለቤታቸው ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲያርፉ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ዘውድ የጫኑ ናቸው። በቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። በዘመናቸው የነበሩት የጎንደር ሠዓሊዎች ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ባለ አበባ ጨርቅ እየተመለከቱ የቅዱሳኑን ልብስ ከነጌጡ ይሥሉ ነበር። ከጨርቁ የተረፈው ጥቂት ነው፤ አበባው ግን በሥዕሉ ላይ እስከ ዛሬ አለ።

በአውሮፓም በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ዓመታት የልብስ ንድፍ አውጭዎች ሌላ ዓይነት ሥዕል ይሥሉ ነበር። ንድፍ አውጭው የትከሻውንና የወገቡን መስመር በፈጣን እጅ ይጥላል፤ በውሃ ቀለም ነካ ነካ ያደርገዋል፤ ፊቱን ብዙ ጊዜ ባዶ ይተወዋል። ሰፊውም ያንን አይቶ ጨርቁን ይቀድዳል። ክርስቲያን ዲዮር በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ ወገበ ጠባቡን፥ ዘርፈ ሰፊውን ቀሚስ ሲያወጣ ሥራው የጀመረው እንዲህ ካለው ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ለአንድ ወቅት ሥራ የተሣለ ቢሆንም፥ ዛሬ እንዲህ ያሉት ንድፎች በለንደኑ በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ከነንድፍ አውጭዎቹ ስም ተጠብቀው ይገኛሉ።

በዚያው ቤተ መዘክር የእኛም ቀሚስ አለ። ከጥጥ ተሠርቶ በሐር የተጠለፈው ይህ ቀሚስ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ተወስዶ በዓመቱ እዚያ ገባ። እቴጌይቱ ግን ከውድቀቱ አንድ ወር ያህል በኋላ በመንገድ ላይ ዐረፉ። በ2010 ዓ.ም. መቶ ኀምሳኛው ዓመት ሲታሰብ ቀሚሱ ለሕዝብ ታይቷል።

እንግዲህ ሁለቱን እናስተያይ። ወረቀቱ የሠሪውን ስም ይዟል፤ ቀሚሱ ግን የለበሱትን እቴጌ ስም እንጂ የጠለፈውን ባለሙያ ስም አልያዘም። የአገራችን ጠላፊዎችና ሸማኔዎች ጥበባቸውን ያስተላለፉት ከእጅ ወደ እጅ እንጂ በወረቀት አልነበረምና፥ ልብሱ ከአገር ሲወጣ ንድፉም አብሮት ወጣ።

ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸውን በቤታቸው ያለውን የቀሚስ ጥለትና ጥልፍ በቀለም እንዲሥሉ ቢያደርጉ መልካም ነው። ሥዕሉ ያማረ ባይሆንም ግድ የለም። በግርጌው ግን የሸማኔው ስም፥ የተሠራበት አገርና ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍበት። ልብሱ ባለቀ ጊዜ የሚተርፈው ይህ ነውና።