ከርእሱ ግርጌ የሰፈረ ስም

የቆዩ አስፈሪ ፊልሞችን ያየ ሰው ዜማውን ያውቀዋል። በጨለማ አዳራሽ ኦርጋን ፊት የተቀመጠ ሰው ሦስት ኖታ ይመታና ዝም ይላል፤ ከዚያ ጣቶቹ ቁልቁል ይንደረደራሉ። በ1940 (እ.አ.አ.) የወጣው የዲስኒ «ፋንታዚያ» የተከፈተውም በዚሁ ሥራ ነው። ርእሱ ቶካታና ፉጋ በዲ ማይነር፣ ደራሲው ዮሃን ሴባስቲያን ባኽ ይባላል። «ይባላል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ባኽ በገዛ እጁ የጻፈው ወረቀት የለም። ሥራው ከመጥፋት የተረፈው ዮሃነስ ሪንክ የሚባል ሰው ስለገለበጠው ነው።

ሪንክ የተወለደው በ1717 በቱሪንጊያ ደን አጠገብ፣ ፍራንከንሃይን በምትባል መንደር ነው። አስተማሪው በቅርብ ነበር፤ የግሬፈንሮዳው ዮሃን ፔተር ኬልነር። ኬልነር የባኽ ነገር የማይሆንለት ሰው ነበር። ያገኘውን ሁሉ ይገለብጣል፤ ስድስቱን የቼሎ ስዊቶች በ1726 ገልብጧል። የባኽ የእጅ ጽሑፍ ስለጠፋ፣ የዛሬ ቼሎ ተጫዋቾች የባኽ ሚስት አና ማግዳሌና ከጻፈችው ግልባጭ ጎን ለጎን የኬልነርን ያያሉ።

በዚያ ዘመን ኖታ ማሳተም በመዳብ ሰሌዳ ላይ መቅረጽን ስለሚጠይቅ ውድ ነበር። ስለዚህ ተማሪ የሚማረውን በእጁ ይጽፋል። አምስት ጫፍ ባለው የናስ ብዕር አምስቱን መስመር በአንድ ጊዜ ያሰምራል፤ ከዚያ የወፍ ላባውን ከኦክ ዛፍ እባጭና ከብረት ጨው በተቀመመ ቀለም እየነከረ ኖታ በኖታ ይሄዳል። ያ ቀለም ዓመታት ሲያልፉ ወረቀቱን ራሱን ይበላዋል፤ የኖታው ራስ ያረፈበት ቦታ ቀዳዳ ይሆናል።

ሪንክ ሥራውን የጀመረው በልጅነቱ ነው። ለሶፕራኖ፣ ለኦቦና ለአውታር መሣሪያዎች የተደረሰውን የባኽን የሠርግ ካንታታ (በባኽ ሥራዎች ዝርዝር ቁጥር 202) በ1730 ገለበጠ። ያኔ ዕድሜው ቢበዛ 13 ነው። ዋናው ጠፍቶ የቀረን ይኸው የልጁ ግልባጭ ብቻ ነው። ያን ሰሞን ሰንፎ ቢሆን ኖሮ ያ ሙዚቃ ዛሬ አይኖርም ነበር።

ቀሪው ሕይወቱ ጸጥ ያለ ነው። ጎታ ሄዶ ከሙዚቃ ደራሲው ሽቴልትሰል ተማረ፣ በ1740 በርሊን ገብቶ ሙዚቃ አስተማረ፣ በ1755 የማሪየን ቤተ ክርስቲያን ኦርጋኒስት ሆነ። ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም ከበርሊን የቴሌቪዥን ማማ ሥር ቆሟል። እዚያው እያገለገለ በ1778 ሞተ። የራሱ ድርሰቶችም ነበሩት፤ ዛሬ ግን የሚጫወታቸው ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

ቶካታው በላይፕሲሽ የታተመው በ1833፣ ባኽ ከሞተ ከ83 ዓመት በኋላ ነው። በ1981 ደግሞ እንግሊዛዊው የሙዚቃ ተመራማሪ ፒተር ዊሊያምስ «በእርግጥ የባኽ ነው?» ብሎ ጠየቀ። መግቢያው ላይ ሁለቱ እጆች አንዱን ዜማ በኦክታቭ ተራርቀው መጫወታቸው ከባኽ የኦርጋን ልማድ የወጣ ነው፣ ምናልባትም መጀመሪያ ለቫዮሊን የተጻፈ ይሆናል አለ። ሌላው የባኽ ተመራማሪ ክሪስቶፍ ቮልፍ ግን የወጣቱ ባኽ ሥራ ነው ብሎ ተከራከረ፤ እጥፉ ዜማ ኦርጋኑ ያልነበረውን ወፍራም ድምፅ ለመተካት ነው ባይ ነው። ደራሲው ኬልነር ይሆን ያሉም አሉ። ይህኛው ለእኔ አይዋጥልኝም፤ ተማሪ የገዛ መምህሩን ሥራ ገልብጦ በሌላ ሰው ስም ያስቀምጠዋል?

ለሁሉም ተከራካሪዎች ዋናው ምስክር በበርሊን መንግሥታዊ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጠው ያ ግልባጭ ነው። በሽፋኑ ላይ ርእሱ አለ፤ ዝቅ ሲል የባኽ ስም፤ ከእርሱ ግርጌ ደግሞ «ጻፈው» ለማለት ያጠረ የላቲን ቃልና የገልባጩ ስም፣ ዮሃነስ ሪንክ።