የሐረር ቤት አከፋፈልና የኢስቲእዛን አደብ

በሱረቱ አን-ኑር 27ኛ አያህ አማኞች ወደ ሌላ ሰው ቤት ሳያስፈቅዱና ሰላምታ ሳያቀርቡ እንዳይገቡ ታዘዋል። 58ኛው አያህ ደግሞ የቤቱ ልጆች ሳይቀሩ በሦስት ጊዜያት፣ ማለትም ከፈጅር ሶላት በፊት፣ በቀትር ዕረፍትና ከዒሻ በኋላ፣ እንዲያስፈቅዱ ያዛል። የድንጋጌው ምክንያት እይታ መሆኑ በሰሒሕ ሐዲሥ ተገልጿል፤ ዓይን ከእግር ቀድሞ ከገባ ፈቃድ መጠየቁ ትርጉም ያጣልና። ይህ አደብ በሀገራችን የቤት አሠራር ውስጥ እንዴት እንደሰረጸ ለማየት በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችውን የሐረር ጀጎልን ቤት እንመለከታለን።

የመንገዱ በር የሚያደርሰው ወደ ግቢው ነው፤ መንገደኛ የቤቱን ውስጥ አያይም። ዋናው ክፍል ጊዲር ጋር ይባላል። በውስጡም ነደባ የሚባሉ፣ ከፍታቸው የተለያየ አምስት መደቦች አሉ። አሚር ነደባ የአባወራው ወይም የተከበረ ሰው መቀመጫ ነው፤ ገብቲ ኤሐር ነደባ ከበሩ ኋላ ይገኛል፤ ሱትሪ ነደባ እንደ ስሙ የተሰወረ ነው። ከጎን ያለው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለው ኪርታት የሴቶች መቀመጫ ሲሆን ሙሽሮችም ያርፉበት ነበር። ዴራ ዕቃ ቤት ነው። እንግዳው እንግዲህ ደረጃ በደረጃ ይገባል፤ ቤቱም ራሱን ደረጃ በደረጃ ይገልጣል።

አምስቱ ነደባዎች የእስልምና አምስት መሠረቶች ምሳሌ ናቸው ሲባል ይሰማል። በእኛ አመለካከት የቁጥር መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የመቀመጫ ማዕረግም የሕዝቡ ዑርፍ እንጂ የሸሪዓ ግዴታ አይደለም። ከሸሪዓ ዓላማ ጋር በእርግጥ የሚገናኘው የእይታ ገደቡ ነው። መምህራን ሁለቱን ለይተው ማስተማር ይገባቸዋል፤ አለዚያ ተማሪው ልማዱን ሃይማኖት፣ ሃይማኖቱንም ልማድ አድርጎ ይይዛል።

ዛሬ ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው በሩ ሲከፈት ሳሎኑ በሙሉ በሚታይበት የኮንዶሚኒየም ቤት ነው። ይህ ግን አደቡን ለመተው ምክንያት አይሆንም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰው ደጃፍ ሲደርሱ ፊት ለፊት ሳይሆን ከበሩ ቀኝ ወይም ግራ ይቆሙ እንደነበር አቡ ዳውድ ዘግበዋል፤ በዚያ ዘመን በሮች መጋረጃ አልነበራቸውምና። አደቡ የመጣው መከለያ ወደሌለው ቤት ነበር። የሐረር ግንበኛ በግድግዳና በመደብ የጠበቀውን፣ የዛሬው ነዋሪ በመጋረጃ፣ ጎብኚውም ከበሩ ጎን በመቆም ሊጠብቀው ይችላል። ልጆች ይህን ከመድረሳና ከሚንበር ካልሰሙ፣ ከቤታቸው ግድግዳ የሚማሩበት ዘመን አልፏል።