120 ደቂቃ፦ የድንገተኛ ልብ ሕክምና ከኤበርስቫልደ እስከ ዋተርፎርድ

የልብን ጡንቻ የሚመግበው የደም ሥር በረጋ ደም ሲደፈን ጡንቻው ሳይውል ሳያድር መሞት ይጀምራል። ሃርት አታክ የምንለው ይህንኑ ነው። ሐኪሞች የተደፈነውን ሥር መክፈት ከተማሩ ቆይተዋል። ይህ ዕውቀት ለማን እንደሚደርስ ግን ዛሬም የሚወስነው ሕመምተኛው የሚኖርበት ከተማና ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት ነው።

መነሻው ጀርመን ነው። በ1929 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወጣቱ ሐኪም ቬርነር ፎርስማን በገዛ ክንዱ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ እስከ ልቡ ገፋው፤ ከዚያም በእግሩ ሄዶ ራጅ ተነሣ። የኖቤል ሽልማቱን ያገኘው በ1956 ነው። ሙከራው የተደረገው በትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ኤበርስቫልደ በምትባል ትንሽ ከተማ ሆስፒታል እንደነበር ልብ ይሏል።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የቤልፋስቱ ፍራንክ ፓንትሪጅ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጃፓን ምርኮኛ የነበረው ይህ ሐኪም፣ በሃርት አታክ ከሚሞቱት ብዙዎቹ ሆስፒታል ሳይደርሱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንደሚያልፉ ተረዳ። ለእነዚህ ሰዎች በሆስፒታል ውስጥ ያለው የተደራጀ ክፍል ምን ይፈይዳል? ስለዚህ በ1966 ሕክምናውን ወደ ሕመምተኛው ደጅ ላከው። በመኪና ባትሪ የሚሠራና 70 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የልብ ምት መመለሻ መሣሪያ አምቡላንስ ላይ ጭኖ፣ ሐኪምና ነርስ አብሮ አሰማራ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሣሪያው ወደ 3 ኪሎ ግራም ቀለለ።

በ1977 አንድሬአስ ግሩንትዚግ ዙሪክ ላይ የጠበበ የልብ ደም ሥር በትንሽ ፊኛ ከፈተ። በ1986 ደግሞ ከ11,000 በላይ ሕመምተኞች የተሳተፉበት የጣሊያን ጥናት፣ የረጋ ደም የሚያሟሟው ስትሬፕቶካይኔዝ ሕይወት እንደሚያድን አረጋገጠ። ሕመሙ በጀመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ መድኃኒቱን ባገኙት ዘንድ ሞት በግማሽ ገደማ ቀነሰ።

በ1993 የታተሙ ጥናቶች ፊኛው ከመድኃኒቱ እንደሚበልጥ አሳዩ። እዚህ ላይ ነው መንገዱ ለሁለት የተከፈለው። መድኃኒቱን የትኛውም ሆስፒታል በመደርደሪያው ሊያኖረው ይችላል፤ ፊኛው ግን ልዩ ክፍል፣ የሠለጠነ ሐኪም፣ ነርስና የራጅ ባለሙያ ይፈልጋል፤ እነዚህ ሁሉ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓትም መገኘት አለባቸው። በዴንማርክ የተደረገና በ2003 የታተመ ጥናት፣ ሕመምተኛው ቶሎ የሚደርስ ከሆነ ወደ ሌላ ሆስፒታል ተወስዶ በፊኛ ቢታከም እንደሚሻለው አሳየ። የአውሮፓ ሐኪሞች መመሪያም ወሰኑን 120 ደቂቃ አደረገው፤ ከዚያ የሚዘገይ ከሆነ መድኃኒቱ ባለበት ይሰጠው ይላል።

ደቡብ ምሥራቅ አየርላንድ ያለችው ዋተርፎርድ የገጠማት ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነው። የሆስፒታሏ የልብ ክፍል ለዓመታት በሥራ ሰዓት ብቻ ይሠራ ነበር፤ ማታ የታመመ ሰው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ኮርክ ይላክ ነበር። በ2016 ለሆስፒታሏ ሁለተኛ የልብ ክፍል ያስፈልግ እንደሆነ እንዲያጠና መንግሥት የጠየቀው የቤልፋስት የልብ ሐኪም ኒል ሄሪቲ፣ የሕመምተኛው ቁጥር ይህን እንደማይጠይቅ ጻፈ። ሕዝቡ ተቆጥቶ አደባባይ ወጣ፤ ሁለተኛው ክፍል በ2023 ተከፈተ። የሄሪቲ ክርክር ባዶ አልነበረም፤ እጁን የማያፍታታ ቡድን ችሎታው ይደክማል፣ ሌሊቱን ሁሉ ተረኛ ማቆምም ብዙ ባለሙያ ይጠይቃል። ሆኖም በዚያችው የአየርላንድ ደሴት፣ የሪፐብሊኩ ክፍል የሆነችው የዶኒጎል ሕመምተኞች ከ2016 ጀምሮ ድንበር ተሻግረው በሰሜን አየርላንዷ ደሪ እንዲታከሙ ተደርጓል። በሁለት መንግሥታት መካከል የተቻለው በአንድ አገር ውስጥ አይቻልም መባሉን አልቀበልም።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በ120 ደቂቃ አይደረስም። ስለዚህ ለክልል ሆስፒታሎቻችን የሚቀድመው ሌሊትም የሚሠራ የኢሲጂ (የልብ ምት መመዝገቢያ) መሣሪያ፣ ውጤቱን የሚያነብ ተረኛ ሐኪምና የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ነው። የጤና ቢሮዎች የልብ ክፍል እስኪገነባ ሳይጠብቁ እነዚህን ሦስቱን ያሟሉ። አንባቢም ደረትዎን ጨምድዶ ይዞ ወደ ክንድዎ ወይም ወደ መንጋጋዎ የሚሄድ ሕመም ሲሰማዎ፣ ጨጓራ ነው ብለው እስኪነጋ አይጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ይሂዱ።