ካህኑ በሌለበት ጊዜ

ወጣቶች ሆይ፣ መጋቢያችሁ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ለጥቂት ቀናት ብቻ ቢመጣ ቤተ ክርስቲያናችሁ ምን ትሆን ነበር? በደቡብ ቺሊ የሚገኙት የቺሎኤ ደሴቶች ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ለዚህ ጥያቄ በኑሯቸው መልስ ሰጥተዋል።

ፔድሮ ፓኤዝ በአገራችን በነበረበት ዘመን፣ የዚያው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባላት የሆኑ ካህናት እ.ኤ.አ. በ1608 ቺሎኤ ደረሱ። ደሴቱ ብዙ፣ ካህናቱ ጥቂት ነበሩ። ስለዚህ በጀልባ ከመንደር መንደር እየዞሩ ያስተምራሉ፣ ያጠምቃሉ፣ ያጋባሉ፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። በቀረው የዓመቱ ጊዜ ጸሎት የሚመራው፣ ልጆችን የሚያስተምረውና የታመመውን የሚጠይቀው “ፊስካል” የሚባል የመንደሩ ሰው ነበር። ፊስካሉ ካህን አይደለም፤ ጎረቤት ነው።

ቤተ ክርስቲያኖቹም የጎረቤቶች ሥራ ናቸው። በኪንቻኦ ደሴት በአቻኦ መንደር የሚገኘውና በ18ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የሎሬቶ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ምስክር ነው። ሕዝቡ ጀልባ መሥራት ያውቅ ነበርና በዚያው ሙያ እንጨቱን በእንጨት ችንካር አያያዘው። ዝናብ የማያጣው አገር ስለሆነ የበሰበሰው ሳንቃ በየጊዜው መለወጥ አለበት። ይህን የሚሠሩት እኛ ደቦ በምንለው፣ እነርሱ ደግሞ “ሚንጋ” በሚሉት የጋራ ሥራ ነው።

ታሪኩ ግን ጨለማ ጎንም አለው። እምነቱ የመጣው ከስፔን ቅኝ አገዛዝ ጋር ነው፤ የግዳጅ ሥራው የመረራቸው የዊሊቼ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1712 ዐመፁ።

እ.ኤ.አ. በ1767 ደግሞ የስፔኑ ንጉሥ ሣልሳዊ ካርሎስ ኢየሱሳውያንን ከግዛቱ ሁሉ አባረረ። መሥራቾቹ ሄዱ፤ በኋላ ፍራንሲስካውያን ተተኩ። የመንደሩ ጸሎት ግን አልተቋረጠም፤ ፊስካሎቹ ነበሩና። ዛሬም አሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2000 ከእነዚህ የእንጨት ቤተ ክርስቲያኖች 16ቱን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል።

ከካቶሊካውያን ጋር በትምህርት የምንለያይባቸው ነጥቦች እንዳሉ ታውቃላችሁ። አማኝ ሁሉ ካህን ነው ብለን የምናስተምረው ግን እኛው ነን። እንግዲህ በቀጣዩ የኅብረታችሁ ስብሰባ ይህን ተጠያየቁ፦ መሪያችን ነገ ወደ ሌላ ከተማ ቢዛወር የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱን ማን ይመራል? የቀረውን ወንድም ማን ሄዶ ይጠይቃል? መልሱ ዝምታ ከሆነ፣ የበሰበሰውን ሳንቃ መለወጥ የምትጀምሩት ከዚያ ነው።