በግድግዳው መሀል ያለው ባዶ

እህቴ ከስዋንሲ ደወለች። «ጋሼ፣ የቤትሽን ግድግዳ ሆድ እንሙላልሽ፣ ይሞቃል አሉኝ፤ ያውም በነፃ። ልፈርም?»

ለሥነ ጽሑፍ መምህር የሚቀርብ ጥያቄ አልነበረም። ግን መጻሕፍት ገለጥ ገለጥ አደረግሁ።

ለካ እንግሊዞች ድሮ የሚያቆሙት አንድ ወጥ የጡብ ግድግዳ ነበር። ዝናቡ እየሰረሰረ አስቸገራቸው። ስለዚህ በተለይ ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሁለት ቀጫጭን ግድግዳ በብረት አያይዘው፣ መሀሉን አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ መተው ልማድ ሆነ። የውጪው ጡብ ቢርስ እንኳ ውሃው ባዶውን አይሻገርም፤ ቁልቁል ይወርዳል። ባዶው ሥራ ነበረው ማለት ነው።

በ1973 (እ.ኤ.አ.) የነዳጅ ዋጋ ናረ። ያ ውድነት እኛ ጋ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ባለታክሲዎችን አድማ አስመታ፤ ተከትሎ የመጣውን ታውቁታላችሁ። እነሱን ደግሞ በግድግዳቸው የሚያመልጠውን ሙቀት አስቆጠራቸው። ባዶው ብክነት ተባለ። ጡቡን እየበሱ ፎምና ከድንጋይ የተሠራ ሱፍ ይነፉበት ገቡ፤ በኋላም የድጎማ ገንዘብ ተጨመረበት።

ብዙ ቤት ሞቋል፤ አይካድም። ነፋስ ዝናቡን ግድግዳ ላይ በሚያላጋበት በምዕራቡ ጠረፍ ግን፣ ጡቡ ስንጥቅ ካለው ሙሌቱ ለውሃው ድልድይ ይሆናል። ዌልስ ውስጥ ሻጋታ የወረሰው ቤት ጥቂት አይደለም። መሙላቱ የሰዓታት ሥራ ነው፤ ማውጣቱ ነው ፍዳው።

«ግድግዳሽ ወዴት ነው የዞረው?» አልኋት።

«ወደ ባሕሩ ነዋ!»

«በይ መጀመሪያ ከሻጩ ጋር የማይዛመድ ባለሙያ ይየው። ስንጥቁንም አስደፍኚ።»

«ነፃው ያልፍብኛላ፣ ጋሼ!»

«ይለፍ!»